ምእመናንን ለቻፕሊንነት ስናሠለጥን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው ሥልጠናው ሳይጀመር፣ ምርጫው ላይ ነው። ቻፕሊን፣ ማለትም ሐዘንተኞችን፣ ሕሙማንንና አደጋ የደረሰባቸውን እያጽናኑ የሚያገለግሉ ምእመናን ይመረጡ ሲባል፣ ሽማግሌዎች ብዙውን ጊዜ ጸሎት መሪውን ወይም መድረክ ላይ አንደበቱ የተፈታውን ይጠቁማሉ። ለዚህ አገልግሎት ግን ይበልጥ የምትጠቅመው ለቅሶ ቤት ገብታ ጓዳ ውስጥ ዕቃ የምታጥበው፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላም በሠልስቱ ማግስት ተመልሳ በር የምታንኳኳው እህት ናት። የራሱ ሐዘን ገና ያልበረደለትን ሰውም «የደረሰበት ያውቃል» ብሎ ወዲያው ማሰማራት አይገባም፤ በሰው ለቅሶ የራሱን ያለቅሳልና።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ሠልጣኙን መልስ አስታጥቆ መላክ ነው። በአንድ ሥልጠና ላይ ሁለት ሠልጣኞችን ፊት ለፊት አስቀምጬ፣ አንዷ ልጇን በመኪና አደጋ ያጣች እናት እንድትሆን፣ ሌላው እንዲያጽናናት ጠየቅሁ። እርሷ «ልጄ እኮ...» ብላ ሳትጨርስ እርሱ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ፣ እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚደረግ የሚናገረውን ሮሜ 8፥28ን ማንበብ ጀመረ። ሲያበቃ ምን እንደተሰማት ጠየቅኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች «ስሙን እንኳ አልጠየቀኝም» አለች። ጥቅሱ ስህተት አልነበረበትም፤ ያለ ሰዓቱ መጣ እንጂ። «ፈቃዱ ነው»፣ «ሌላ ይተካልሻል» የሚሉ ቃላትም እንዲሁ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳርፉት ሐዘንተኛዋን ሳይሆን ዝምታው የከበደውን ተናጋሪ ነው። ወግ አዋቂ ለቅሶ ደራሽ ገብቶ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ፣ ሲነሣም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብቻ ብሎ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሥልጠናው ይህን ነባር ልማድ ማጠናከር ሲገባው የስብከት ልምምድ እያደረገ ሲያስረሳው ማየት ያሳዝናል።

ዝምታን የተማረ ሠልጣኝ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ሊሳሳት፣ ማለትም «ተናገሪው፣ ይውጣልሽ» እያለ ሰውን ሊያስጨንቅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃላት ያጠቃልለዋል፦ መመልከት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማዳመጥ ማለት የተነገረውን መስማት እንጂ፣ ሰው መናገር ያልፈለገውን፣ አደጋው እንዴት እንደደረሰና ማን ምን እንዳየ መመርመር አይደለም።

መመልከት፣ ማለትም ቦታው አስጊ አለመሆኑን ማየት፣ ቀድሞ የተጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት በደረሰ ጊዜ፣ ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ቻፕሊን በራሱ ተነሣሽነት ወደ አደጋ ቦታ አይሮጥም፤ ቦታውን ከሚመሩት አካላት ፈቃድ ይጠይቃል፣ የተመደበበትም ይቆማል።

ምስጢርን በጸሎት ርእስ ስም ማውጣት ሌላው ጥፋት ነው። «ባለቤቷ ጥሏት ስለሄደው እህታችን ጸልዩ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ቡድን ከተለጠፈ፣ ስሟ ባይጠቀስም ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ከሌላ እምነት የሆነን ሰው በጭንቁ ሰዓት ለመስበክ መሞከርም ከዚህ አይሻልም።

ሆኖም ለማንም «ምንም ብትነግረኝ ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት አይገባም። ሠልጣኙ ሞትን የተመኘ ሰው ቢያጋጥመው፣ ሰውየው ራሱን ስለማጥፋት እያሰበ እንደሆነ በግልጽና በእርጋታ መጠየቅ መቻል አለበት። መጠየቁ ሐሳቡን ያስገባበታል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። መልሱ አዎን ከሆነ ሰውየውን ብቻውን ሳይተው ወደ ሕክምና ያደርሰዋል፤ አሜሪካ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው፣ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል በተዘጋጀው የ988 የእርዳታ ስልክ ሊደውሉ ይችላሉ። መድኃኒት የሚወስድን ሕመምተኛ «በእምነት ተወው» ማለት ግን በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን በግልጽ ሊከለከል የሚገባው ነው።

ስለ ማዕረጉም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሆስፒታል ቻፕሊኖች የሚያልፉበት ክሊኒካዊ የእረኝነት ሥልጠና አንዱ ዙር ብቻ 400 ሰዓት ይፈጃል። በሁለት ቅዳሜ ሥልጠና የምስክር ወረቀትና ባጅ ሰጥቶ «ቻፕሊን» ማለት ሠልጣኙ የአቅሙን ልክ እንዳያውቅ ያደርገዋል፤ «ጠያቂ» ወይም «አጽናኝ» የሚለው ስም ይበቃል።

በመጨረሻም፣ አሠልጥኖ መርቆ መላክ ብቻውን ሥራ አያስጨርስም። ከሟች አልጋ አጠገብ ሌሊቱን የቆየ ምእመን በማግስቱ ቢሮ ይገባል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ያየውን የሚያወርድበት ቦታ ግን የለውም። አስተባባሪው ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ሰብስቦ ሊያነጋግራቸው፣ የጎበኙትን ሰው ሁኔታ ብቻ ሳይሆን «አንተስ እንቅልፍ ወሰደህ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። በተከታታይ «አልወሰደኝም» ያለ አገልጋይ ለጊዜው ከተራው ይወጣል፤ እርሱንም ሌላ ሰው ሄዶ ይጠይቀዋል።