ማሳያው «ጨው አንሷል» ሲል፣ ጆንያ ከመፍታትዎ በፊት

ኮምቦልቻ ውስጥ በጨው የሚሠራ መዋኛ ገንዳ ያለው ሰው ከጨው ክሎሪን በሚያመርተው መሣሪያ ማሳያ ላይ 2,400 ፒፒኤም (በ1 ሊትር ውሃ 2,400 ሚሊግራም ጨው) ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ጨው መግዛት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው ጨው አይደለም። አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ ማውጣቱ ከባድ ነው፤ ጨው የበዛበት ወጥ ውሃ ጠብ ተደርጎበት ይስተካከላል፣ ሞልቶ ያለ ገንዳ ግን መጀመሪያ መደፋት አለበት። 50,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ 4,500 ፒፒኤም ደርሶ ወደ 3,200 ለመመለስ 14,500 ሊትር ገደማ አፍስሶ በንጹሕ ውሃ መተካት ይጠይቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም።

ስሕተቱ የሚጀምረው መሣሪያው ጨው የሚለካ ከመምሰሉ ነው። አይለካም። ሴሉ (ውሃው እያለፈ ክሎሪን የሚሠራበት የመሣሪያው ክፍል) ውስጥ ባሉት የቲታኒየም ፕሌቶች መካከል ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያልፍ ያያል፣ የውሃውን ሙቀት ይጨምርበታል፣ ከዚያ «ይህን ያህል ጨው ቢኖር ነው» ብሎ ያሰላል። ፕሌቱ ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ ካረጀ፣ ሙቀት መለኪያው ከተሳሳተ፣ ወይም ሴሉ ውስጥ አየር ከገባ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ጨዉ ግን እዚያው ውሃው ውስጥ ነው።

ፀሐይ ውሃውን ታተናለች እንጂ ጨዉን አትወስድም። ጨው ከገንዳ የሚወጣው ከውሃ ጋር ብቻ ነው፦ በባክዋሽ (ማጣሪያው ውሃ ወደ ኋላ እየተገፋበት ሲታጠብ)፣ በፍሳሽ፣ በዋናተኛ ርጭት፣ በዝናብ ሞልቶ ሲፈስ። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 5 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.25 ሜትር የሆነ ገንዳ 50,000 ሊትር ይይዛል። ሐምሌ ላይ 100 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥልበት 4,000 ሊትር ገባ ማለት ነው፤ ገንዳው ሙሉ ከነበረ ያንኑ ያህል ጨዋማ ውሃ ይፈሳል፣ ንባቡም በ250 ፒፒኤም ያህል ይቀንሳል። ይህ እውነተኛ መቀነስ ነው። ጥር ላይ፣ ዝናብ ሳይጥል፣ ባክዋሽ ሳይደረግ፣ በአንድ ሳምንት 600 ከወረደ ግን ወይ ገንዳው ያፈሳል ወይ መሣሪያው ይዋሻል።

ስለዚህ መጀመሪያ በሌላ ነገር ይለኩ። ውሃውን ወደ ገንዳው ከሚመለስበት ቀዳዳ ራቅ ብለው፣ ክንድዎን እስከ ክርን አስገብተው ይቅዱ። የጨው መለኪያ ስትሪፕ (ውሃው ውስጥ የሚነከር መለኪያ ወረቀት) ካለ ጥሩ ነው። በእጅ የሚያዝ ዲጂታል መለኪያ ከሆነ ግን ሳይፈትሹ አይመኑት። መፈተሻውን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል፦ ከመኪና ዕቃ መሸጫ የባትሪ ውሃ (የተጣራውን ውሃ እንጂ አሲዱን አይደለም) ይግዙ፣ በ1 ሊትሩ 3 ግራም ደረቅ የገበታ ጨው ያሟሙበት፤ ይህ 3,000 ፒፒኤም ነው። ተራ የኩሽና ሚዛን 3 ግራምን በትክክል አይለይም፤ 15 ግራም በ5 ሊትር ያድርጉት፣ ወይም ወርቅ ቤት ያስመዝኑ። ለመጠጥ ውሃ የተሠሩ መለኪያዎች በዚህ ውሃ ላይ 2,850 አካባቢ ወይም 4,000 አካባቢ ሊያሳዩ ይችላሉ። ተበላሽተው አይደለም፣ የሚያባዙበት ቁጥር የተለያየ ስለሆነ ነው። ልዩነቱን በስቲከር ጽፈው ጀርባው ላይ ይለጥፉ፣ ከዚያ በኋላ የገንዳውን ንባብ በዚያ ያስተካክሉ።

የእጅ መለኪያውና የማሳያው ልዩነት ከ400 ካልበለጠ መሣሪያው ደህና ነው፤ የጎደለውን ጨው መጨመር ይቻላል። መለኪያው 3,200 እያለ ማሳያው 2,400 ካለ ጆንያውን ይተዉትና ወደ ሴሉ ይሂዱ።

ከሴሉ በፊት ግን ቴርሞሜትር። ውሃ በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ 2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። መሣሪያው ይህን የሚያካክሰው በራሱ ሙቀት መለኪያ ነው፤ ውሃው 18 ዲግሪ ሆኖ እሱ 26 የሚል ከሆነ የጨው ንባቡም አብሮ ይሳሳታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ማሞቂያ የሌለው ገንዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል። ብዙ መሣሪያዎች ደግሞ ከ15 ወይም ከ16 ዲግሪ በታች ክሎሪን ማምረት ይቀንሳሉ ወይም ያቆማሉ። ያ ብልሽት አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ውሃው ሞቅ ሲል እንደገና ያንብቡ። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ይህ ችግር እምብዛም አያገኛትም።

አሁን ሴሉ። መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፊያ ያጥፉ፣ ፓምፑን ያቁሙ፣ ቫልቮቹን ይዝጉ፣ የሴሉን ሁለት ቀለበቶች በእጅ ይፍቱ። ወደ ፀሐይ አቅንተው በቀዳዳው ውስጥ ይመልከቱ። በፕሌቶቹ መካከል ብርሃን ጥርት ብሎ ካለፈ ንጹሕ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ነገር ካዩ ካልሲየም ነው። መጀመሪያ በጎማ ውሃ ይምቱት፣ የላላውን በቀጭን እንጨት ይጎርጉሩ። በካቻቪቴ ወይም በቢላ በፍጹም አይንኩት፤ ፕሌቱ ላይ የተቀባው ስስ ሽፋን ከተፋቀ አይመለስም።

ቀላል ቅርፊት ለጥቂት ሰዓት አቼቶ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ይለቃል። ጠንካራው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈልጋል፦ በፕላስቲክ ባልዲ 4 እጅ ውሃ ያድርጉ፣ በላዩ 1 እጅ አሲድ ቀስ ብለው ያፍስሱ። አሲዱ ወደ ውሃ እንጂ ውሃው ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ይፈናጠራል። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ ውጪ ይሥሩ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ ያድርጉ፣ በረኪና የነካው ባልዲ አይጠቀሙ፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ገመዱና መሰኪያው እንዳይርስ ሴሉን አቁመው ያስገቡት። ይንፈቀፈቃል። መንፈቅፈቁ እንደቆመ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ አውጥተው በብዙ ውሃ ያለቅልቁ። ከዚያ በላይ የቆየ አሲድ የሚበላው ሽፋኑን ነው። «ለማንኛውም» እያሉ በየወሩ በአሲድ ማጠብም የሴልን ዕድሜ ማሳጠር ነው። ቅርፊቱ ቶሎ ቶሎ ከተመለሰ ፒኤቹን (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር) ይመልከቱ፤ ከ7.8 ሲያልፍ ካልሲየሙ ፕሌቱ ላይ ይጋገራል፣ ወደ 7.5 ያውርዱት።

መልሰው ሲገጥሙ ማሳያው ላይ ያለው ቁጥር አሮጌው አማካይ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ሄይዋርድ አኳራይት በሚባለው መሣሪያ ላይ የምርመራ ቁልፉን 5 ጊዜ ሲጫኑ የወቅቱ ንባብ ይመጣል፤ እሱን እያዩ ማብሪያውን ከአውቶ ወደ ሱፐር ክሎሪኔት፣ መልሰው ወደ አውቶ ካደረጉት አማካዩ እንደ አዲስ ይጀምራል። መብራት ሄዶ እንደተመለሰ የሚታየውንም ቁጥር ቶሎ አይመኑት፤ ውሃው ጥቂት ደቂቃ ይዙር።

ሴሉ ራሱን ለማጽዳት የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በየጥቂት ሰዓቱ ይገለብጣል። በአንዱ አቅጣጫ 3,100፣ በሌላው 2,300 ካነበበ፣ ታጥቦም ካልተሻለው፣ አርጅቷል። ሴል በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ለሚሞት ሴል ጨው መጨመር ለጥቂት ሳምንት ያስመስላል እንጂ አያድነውም። የፓምፑ ቅርጫት በቅጠል ከታፈነ ወይም የገንዳው ውሃ ከስኪመሩ (የላይኛውን ውሃ ከነቅጠሉ የሚስበው የገንዳው ጠርዝ ቀዳዳ) አፍ ግማሽ በታች ከወረደም አየር ገብቶ ንባቡን ያወርደዋል። ይህኛው በነጻ የሚስተካከል ነው።

ጨው በእውነት ካነሰ ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ፒፒኤም ለመጨመር ለ1,000 ሊትር 1 ግራም። 50,000 ሊትሩን ከ2,600 ወደ 3,200 ለማውጣት 30 ኪሎ ይበቃል፤ የኩንታል ሲሶ እንኳ አይሞላም። ጨዉ የአፍዴራም ይሁን የሌላ፣ ነጭና ደቀቅ ያለውን ይምረጡ። ከመግዛትዎ በፊት አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ አሟሙተው አንድ ሰዓት ያስቀምጡ፤ ታች አፈር ከዘቀጠ ይተዉት። አሞሌ ለዚህ አይሆንም።

ሴሉን ያጥፉ፣ ፓምፑ ይሥራ፣ ጨዉን በስኪመሩ ሳይሆን ጥልቀት በሌለው በኩል እየበተኑ በብሩሽ ያንቀሳቅሱት። መጀመሪያ 20 ኪሎ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ለክተው ቀሪውን 10 ኪሎ። ባክዋሽ ሲያደርጉ የሚወጣውን ውሃ ደግሞ ወደ ጌሾው እግር አይልቀቁት፤ ያደርቀዋል።