የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ዳክት ስፋት እንዴት ይወጣል?

አንዱ ክፍል ሲቀዘቅዝ ሌላው የሚግል፣ ግሪሉ (አየር የሚያልፍበት ፍርግርግ) ሲያፏጭ የሚያድር ቤት ብዙውን ጊዜ ችግሩ ማሽኑ ላይ አይደለም፤ አየሩን ወደ ክፍሎቹ በሚወስደውና በሚመልሰው ቱቦ፣ በዳክቱ ላይ ነው። የዳክትን ስፋት የሚወስነው ፋኑ አየሩን በፊልተሩ፣ በኮይሉ (አየሩ የሚቀዘቅዝበት ጥቅል ቱቦ) እና በግሪሉ ካሻገረ በኋላ የሚተርፈው ግፊት ነው። ይህ ቁጥር ሳይወጣ ላሜራ መቁረጥ ባዶ ግምት ነው።

የእያንዳንዱ ክፍል አየር

መጀመሪያ የእያንዳንዱን ክፍል የሙቀት ጭነት ለየብቻ ያስሉ፦ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ የመስኮት ስፋትና አቅጣጫ፣ የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ሰውና ዕቃ። ጭነቱን በወለል ስፋት ብቻ አያካፍሉ። ምዕራብ የሚያይ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል በስፋት ከሚተካከለው ክፍል እጅግ የበለጠ ቅዝቃዜ ይፈልጋል።

ለማቀዝቀዣ በአንድ ኪሎዋት ከ50 እስከ 55 ሊትር አየር በሰከንድ ይያዙ፤ እርጥበት በሚበዛበት አካባቢ ትንሽ ዝቅ ይላል። የ7 ኪሎዋት ማሽን በ50 ሲሰላ 350 ሊትር በሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ 1.6 ኪሎዋት የሚፈልግ ሳሎን 80፣ 0.8 ኪሎዋት የሚፈልግ መኝታ ቤት 40 ሊትር በሰከንድ ይደርሰዋል። ማሞቂያውንም ለብቻው አስልተው ለእያንዳንዱ ክፍል ከሁለቱ የሚበልጠውን ይውሰዱ።

የተረፈው ግፊት

የፋኑን ሠንጠረዥ ይክፈቱና የሚፈልጉትን አየር በስንት ፓስካል (የግፊት መለኪያ) እንደሚሰጥ ያንብቡ። 125 ፓስካል ነው እንበል። እርጥብ ኮይል 50፣ ፊልተር 20፣ ሁለቱ ግሪሎችና ዳምፐሩ (የአየሩን መጠን የሚያስተካክለው መዝጊያ) በድምሩ 20 ቢወስዱ ለዳክቱ የሚቀረው 35 ፓስካል ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ኮይሉን አስቀድሞ ቀንሶ ከሆነ ደግመው አይቀንሱ።

ቀጥሎ ርዝመቱ። ከማሽኑ እጅግ የራቀውን የአየር መስጫ መስመርና አየሩን ወደ ማሽኑ የሚመልሰውን እጅግ የራቀውን የመላሽ መስመር ይደምሩ፤ በላዩ የኤልቦዎችንና (የማጠፊያዎችን) የመገንጠያዎችን ተመጣጣኝ ርዝመት፣ ማለትም እኩል ግፊት የሚበላውን ቀጥ ያለ ዳክት ርዝመት፣ ይጨምሩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ውስጡ አየር መሪ ክንፍ የሌለው፣ ጥርት ባለ ማዕዘን የታጠፈ ኤልቦ ብቻውን ከ20 ሜትር በላይ ቀጥ ያለ ዳክት ያህል ግፊት ይበላል፤ በሰፊው የዞረ ኤልቦ ግን 5 ሜትር ገደማ ቢበላ ነው። የተለካው ርዝመት 23 ሜትር፣ መገጣጠሚያዎቹ 47 ሜትር ቢሆኑ ድምሩ 70 ሜትር ይሆናል። 35 ለ70 ሲካፈል 0.5 ፓስካል በሜትር ይመጣል። የቤቱ ዳክት ሁሉ በዚህ ቁጥር ይወጣል።

በ0.5 ፓስካል በሜትር ክብ የላሜራ ዳክት በግምት ይህን ያህል ሊትር በሰከንድ ያሳልፋል፦

150 ሚሊሜትር፦ 40
200 ሚሊሜትር፦ 80
250 ሚሊሜትር፦ 150
300 ሚሊሜትር፦ 240
350 ሚሊሜትር፦ 360

ስለዚህ ለምሳሌያችን ዋናው መስመር 350፣ የሳሎኑ 200፣ የመኝታ ቤቱ 150 ሚሊሜትር ነው። የጣሪያው ከፍታ ጠፍጣፋ ዳክት ካስገደደ በአፉ ስፋት ብቻ አይተኩ፤ ጠፍጣፋው ብዙ ግድግዳ ስላለው ሰበቃው ይበልጣል። ባለ 350ውን ክብ የሚተካው 550 በ200 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ጎን ከሌላው ከአራት እጥፍ አይብለጥ።

ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ) ቱቦ ከተጠቀሙ ሙሉ በሙሉ ወጥሮ መዘርጋት ግዴታ ነው፤ ትርፉን ይቁረጡት እንጂ ጣሪያ ውስጥ አይጠቅልሉት። 15 በመቶ ብቻ ተጨማዶ ቢቀር የግፊት ብክነቱ በእጥፍ ሊያድግ ይችላል። በየ1.2 ሜትሩ ቢያንስ 4 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ማንጠልጠያ ይያዙት፤ ቀጭን ሽቦ ቱቦውን ያንቀዋል።

መላሹ

ማሽኑ የሚሰጠው የሚመለስለትን ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም መላሹ ሁልጊዜ በተረፈው ቦታ ይጨመቃል። በፊልተሩ ላይ የአየሩ ፍጥነት ከ1.5 ሜትር በሰከንድ አይለፍ። ለ350 ሊትር 500 በ500 ሚሊሜትር የሆነ ፊልተር 1.4 ይሰጣል፤ ይበቃል። የራሱ መላሽ የሌለው መኝታ ቤት በሩ ሲዘጋ ይታፈናል፤ የተላከለት አየር መውጫ ያጣል። 40 ሊትሩ ከ3 ፓስካል በማይበልጥ ግፊት እንዲወጣ 300 ካሬ ሴንቲሜትር ክፍተት ያስፈልጋል። በበሩ ስር ያለ 15 ሚሊሜትር ክፍተት የሚሰጠው 120 ገደማ ስለሆነ ወደ ኮሪደሩ የሚያሳልፍ ግሪል ይጨምሩ።

መገጣጠሚያዎቹን በማስቲክ (በሚቀባ ማሸጊያ) ይድፈኑ፤ የጨርቅ ቴፕ በሙቀት ደርቆ ይላቀቃል። ኮርኒስ ላይ የሚያልፈውን ዳክት ሳያሽጉ በኢንሱሌሽን አይሸፍኑ፤ ቀዳዳው ከሥሩ ተደብቆ ይቀራል። ማመጣጠኛ ዳምፐሩን ቅርንጫፉ ከዋናው መስመር በሚገነጠልበት ያድርጉት፤ ግሪሉ አጠገብ ከሆነ ይጮኻል።

ሥራው ሲያልቅ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ መሣሪያ) ይዘው በማሽኑ መግቢያና መውጫ ያለውን ግፊት ይለኩና የመቀነስ ምልክቱን ትተው ይደምሩ። የሚለኩባቸው ነጥቦች አምራቹ ከሚጠቅሳቸው ጋር አንድ ይሁኑ፤ አለበለዚያ የኮይሉና የፊልተሩ ድርሻ ይዛባል። መግቢያው −45፣ መውጫው +60 ከሆነ ድምሩ 105 ነው፤ ከ125 በታች ስለሆነ ፋኑ አይጨነቅም። ከ125 ካለፈ ደግሞ በቅድሚያ የትኛው ወገን እንደሚበልጥ ይዩ። መግቢያው ከበለጠ የመስጫውን ዳክት ሳይነኩ ፊልተሩን ወይም መላሹን ያስፉ።