‹‹መድኃኒት ተገኘ›› ሲባል የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ትኩሳትን በደንብ ታውቀዋለች። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በትንኝ የሚተላለፈው የቫይረስ በሽታ ዴንጊ መጣ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሌላው የትንኝ ቫይረስ ችኩንጉንያ ገባና ቤት ሙሉ ሰው አልጋ ላይ አጋደመ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ ተነሣ። ያስተላለፈችውም አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከተማ የምትወድ፣ በበርሜልና በሮቶ ውሃ የምትራባ ትንኝ ናት።

በዚህ ሁሉ መሀል ‹‹መድኃኒት ተገኘለት›› የሚለው ወሬ ተቋርጦ አያውቅም። ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ወሬው ባንኮኒው ድረስ ይመጣልኛል። ሰው አይፈረድበትም። መድኃኒት እንዴት እንደሚገኝ፣ እንደሚፈተንና እንደሚጸድቅ ቁጭ ብሎ ያስረዳው የለም። ከወሬው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ይሄ ነገር ማን ላይ ተሞከረ? ከምንስ ጋር ተነጻጸረ?

‹‹እኔ ጠጥቼ ድኛለሁ›› የሚለውን እንደ ማስረጃ መውሰድ

በችኩንጉንያው ጊዜ አንዱ የፓፓያ ቅጠል ጨምቆ ጠጣ። ሌላው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር አደረገ። ሌላው ከጎረቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ዋጠ። ሁሉም ዳኑ፤ ሁሉም ‹‹ያዳነኝ እሱ ነው›› አሉ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። የችኩንጉንያ ትኩሳት ግን ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይበርዳል፤ ለወራት የሚያሰቃየው የመገጣጠሚያ ሕመሙ ነው። ሰው ደግሞ መፍትሔ ፍለጋ የሚወጣው ሲብስበት ነው፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን። በዚያ ቀን ውሃ ብቻ ቢጠጣም በነጋታው ቀለል ይለው ነበር።

ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ሕሙማንን ለሁለት የሚከፍሉት። ግማሹ አዲሱን መድኃኒት ይወስዳል። ግማሹ ቀድሞ የነበረውን ሕክምና ያገኛል፤ ሕክምና ከሌለ ደግሞ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ውስጡ ግን ምንም የሌለው ፕላሲቦ ይሰጠዋል። ማን የትኛው ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው ዕጣ ነው። ልክ እንደ ዕቁብ ዕጣ፣ ሰብሳቢው ለወዳጁ ማድላት አይችልም። በብዙ ሙከራዎች ሐኪሙም ታማሚውም ማን ምን እንደወሰደ እስከ መጨረሻው አያውቁም። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ሰው ሁሉ ይዋሻል ተብሎ ተፈርቶ አይደለም። ተስፋ ያደረገ ሰው፣ ሐኪምም ቢሆን፣ ያልተሻለውን እንደተሻለው አድርጎ ስለሚያይ ነው።

ክሎሮኪንን እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ለወባ የምናውቀው ይህ መድኃኒት ያድናል ተባለ። በየፋርማሲው ጠያቂው በዛ። የክሎሮኪን ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን እንግሊዝ አገር ‹‹ሪከቨሪ›› በተባለው ትልቅ ሙከራ በሺዎች በሚቆጠሩ የሆስፒታል ሕሙማን ላይ በዕጣ ተፈተነ። ከወሰዱት ውስጥ በ28 ቀን 27 በመቶው ሞቱ። ካልወሰዱት 25 በመቶው። ምንም አልጠቀመም። በዚያው ሙከራ ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽና አሮጌ መድኃኒት በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ። ማንም ያልጮኸለት ነበር። ዕጣው ባይኖር ኖሮ ዛሬም ድረስ ‹‹ክሎሮኪን አድኖኛል›› እየተባባልን እንከራከር ነበር።

‹‹ላብራቶሪ ውስጥ ገደለው›› በሚል ዜና መጽናናት

በብልቃጥ ውስጥ ተሕዋስን መግደል ቀላል ነው። በረኪናም ይገድላል። ከባዱ ነገር ሰውየውን ሳይነኩ ተሕዋሱን ብቻ መግደል ነው።

በሺዎች ከሚፈተሹ ንጥረ ነገሮች ጥቂቶቹ እንስሳት ላይ ይሞከራሉ። ከዚያ በመጀመሪያው ምዕራፍ በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ የሆኑ ሰዎች ይወስዱታል፤ የሚጠየቀው ‹‹ይጎዳል ወይ? መጠኑስ ስንት ይሁን?›› የሚል ነው። በሁለተኛው መቶ ወይም መቶዎች ሕሙማን ገብተው ይሠራ እንደሆነ ይታያል። በሦስተኛው ከመቶዎች እስከ ብዙ ሺዎች በዕጣ ተከፍለው ይነጻጸራሉ። ሰው ላይ መሞከር ከተጀመረላቸው መድኃኒቶች እንኳ እስከ መጽደቅ የሚደርሰው ከአሥር አንዱ ገደማ ነው። ስለዚህ ዜና ስትሰሙ አይጥ ላይ ነው ወይስ ሰው ላይ፣ ሰው ከሆነስ ስንተኛው ምዕራፍ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

‹‹ተክል ስለሆነ መፈተን አያስፈልገውም›› ማለት

ቀፊራ ገበያ ዳር ዳሩን ብትሄዱ ቅጠሉና ሥሩ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። የአያቶቻችን እውቀት ነውና ሊናቅ አይገባውም። ዛሬ ለወባ የምንሰጠው የዋናው መድኃኒት መሠረት፣ አርቴሚሲኒን፣ የተገኘው እኮ ከቅጠል ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ እና ባልደረቦቿ ሁለት ሺህ የሚደርሱ የባህል መድኃኒት አሠራሮችን አገላበጡ። አንዱ ተክል አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ኋላ ላይ ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ የሕክምና ጽሑፍ ‹‹በውሃ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ›› እንጂ ‹‹አፍላ›› እንደማይል አስተዋለች። ሙቀቱ ነበር የሚያበላሸው። በዝቅተኛ ሙቀት፣ ኤተር በተባለ ፈሳሽ ሲወጣ አይጥ ላይ ያለውን ወባ ጠራርጎ አጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1972 ለሕሙማን ከመሰጠቱ በፊት ራሷና ባልደረቦቿ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ አርቴሚሲኒን ከዚያ ተክል ተገኘ ማለት ተክሉን እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ወባን ያድናል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን አይደግፍም። መጠኑ አይታወቅም፣ ያንሳል፣ ያልሞተው ተሕዋስም መድኃኒቱን ይለምደዋል። የኛ ኮሶም እንዲሁ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድረስ ሄዶ በመድኃኒት መዝገቦቻቸው ገብቷል፤ ትል ያስወጣል። ከመጠን ሲያልፍ ግን ዓይን ይጎዳል። ‹‹ተፈጥሯዊ ነው›› የሚለው ቃል ስለ መጠን ምንም አይነግረንም።

የእንዶድ ነገር ደግሞ ያሳዝነኛል። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያያል። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ግኝቱ ግልጽ ነበር። ሆኖም እንዶዱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የመርዛማነት ምርመራ ይለፍ ተባለ፤ ለዚያ የሚሆነው ገንዘብና ላብራቶሪ ደግሞ እኛ ጋ አልነበረም። ብዙ ዓመት ባከነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ‹‹ራይት ላይቭሊሁድ›› የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። ምርመራው አያስፈልግም ነበር አልልም። ያስፈልጋል። የመመርመር አቅም የሌለው አገር ግን የራሱን ግኝት እጁ ላይ ይዞ ይቀመጣል።

ሙከራን እንደ መሞከሪያ አይጥ መሆን ማየት

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በዓለም ላይ ሰዎች ሳይነገራቸው የተሞከረባቸው ጊዜ ነበር። ዛሬ ያለው ደንብ የመጣውም በዚያ ምክንያት ነው። አንድ ክሊኒካዊ ሙከራ ኢትዮጵያ ውስጥ ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ይፈቅዳል። ተሳታፊው ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። በፈለገበት ሰዓት ትቶ መውጣት ይችላል፣ ሲወጣም መደበኛ ሕክምናው አይቋረጥበትም።

ሳይጠይቁ መፈረም ስህተት ነው። ዝም ብሎ እምቢ ማለትም አይረዳም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በዘጠኝ ወር አካባቢ ማከም እንደሚቻል ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ ‹‹ስትሪም›› ነው፤ ኢትዮጵያውያን ሕሙማንም ነበሩበት። ድሮ ሕክምናው ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅ ነበር። እነሱ ባይገቡ ኖሮ በእኛ ሰው ላይ ይሠራ አይሠራ በግምት ነበር የምንኖረው።

‹‹በአንድ ዓመት የመጣ ክትባት አልተፈተነም›› ማለት

‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ይባላል፤ ብዙ ሰው የኮሮናን ክትባት በዚህ ዓይን ነው ያየው። የወባ ክትባት ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ፤ የኮሮናው በአንድ ዓመት ደረሰ። ሰው ቢጠራጠር አይገርምም። ዓመታት የሚበላው ግን ሙከራው ብቻ አይደለም። ገንዘብ መጠበቅ አለ፣ አንዱ ምዕራፍ ተዘግቶ ሌላው እስኪከፈት መጠበቅ አለ፣ በቂ ሰው እስኪታመም መጠበቅ አለ። በኮሮና ጊዜ ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፈለ፣ ምዕራፎቹ ጎን ለጎን ሄዱ፣ በሽታው ደግሞ በየቤቱ ነበር። የፋይዘር ሙከራ ወደ 44,000 ሰው ያካተተ ነው። ከታመሙት 170 ሰዎች ውስጥ 162ቱ ፕላሲቦ የወሰዱ፣ 8ቱ ክትባቱን የወሰዱ ነበሩ። ክትባቱ በተሠራበት ቴክኖሎጂ ላይም ተመራማሪዎቹ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ከዚያ በፊት ለዓመታት ለፍተውበታል።

‹‹ጸድቋል፣ አለቀ›› ብሎ ማመን

ይሄ ለድሬ ሰው ቅርብ ነው። የመጀመሪያው የችኩንጉንያ ክትባት አሜሪካ ውስጥ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። ሲጸድቅ የታየው በደም ውስጥ የሚፈጥረው የመከላከያ አቅም እንጂ በወረርሽኝ መሀል በሽታን መከላከሉ አልነበረም። ከዚያ ብዙ ሰው፣ በተለይ አረጋውያን፣ ሲወስዱት ከባድ ጉዳቶች ታዩ። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ፈቃዱን አገደ።

የዴንጊው ከዚህም የከፋ ነው። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ800,000 በላይ ለሚሆኑ ልጆች ዴንግቫክሲያ የተባለውን ክትባት ሰጠች። በ2017 መጨረሻ አምራቹ ራሱ አስታወቀ፦ ከዚህ በፊት ዴንጊ ያልያዘው ልጅ ከተከተበ፣ በኋላ ሲያዝ በሽታው ሊብስበት ይችላል። ዘመቻው ቆመ። የወላጆቹ እምነት ግን በቀላሉ አልተመለሰም፤ ሌሎች ክትባቶችንም መሸሽ መጣ።

ማጽደቅ ማለት ‹‹እስካሁን በታየው፣ ለእነዚህ ሰዎች፣ በዚህ መጠን፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል›› ማለት ነው። በ10,000 ሰው አንዴ የሚከሰት ጉዳት 3,000 ሰው ባለበት ሙከራ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከጸደቀም በኋላ ክትትሉ ይቀጥላል፣ አራተኛው ምዕራፍም እሱ ነው። የዚያ ምዕራፍ ዓይን እናንተ ናችሁ። መድኃኒት ወስዳችሁ ሽፍታ፣ እብጠት፣ ያልተለመደ ነገር ከታየባችሁ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ተናገሩ። የጎንዮሽ ጉዳት መመዝገቢያ ቢጫ ቅጽ አለ፣ ይሞላላችኋል። ‹‹ትንሽ ነገር ነው›› ብላችሁ አትተዉት።

‹‹ከውጭ የመጣ ኦርጅናል ነው›› በሚል መግዛት

አንዲት እናት የባላቸውን የደም ግፊት ክኒን ይዘው መጡ። ከልብስ ነጋዴ ነው የገዙት። ካርቶን የለውም፣ ጽሑፉ ማናችንም የማናነበው ነው፣ ከፎይሉ ጀርባ ቀኑ ተፍቋል። ሁለቱ ክኒኖች ጠርዛቸው ተፈርፍሯል። ‹‹ልጄ፣ ይሄ እኮ የውጭ ነው፤ የናንተው ደካማ ነው ይባላል›› አሉኝ። ‹‹እናቴ፣ የኛም አብዛኛው የውጭ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ጋ ያለው ተመዝግቦ ነው የገባው›› አልኳቸው።

አንድ መድኃኒት ሌላ አገር መጽደቁ እዚህ መጽደቁ አይደለም። ባለሥልጣኑ የሚመዘግበው ምርቱን ከነፋብሪካው ነው። ከሚጠየቁት አንዱ መድኃኒቱ በሙቀት ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው። ብዙ ክኒን ላይ ‹‹ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ›› ተብሎ ተጽፏል። የድሬ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ 35ን ያልፋል፤ ቆርቆሮ ሥር ከዚያም በላይ ነው። በኮንትሮባንድ በረሃ አቋርጦ የመጣ ክኒን ስሙ ትልቅ ቢሆንም ውስጡ ምን እንደቀረ ማንም አይነግራችሁም። በሌላ በኩል በርካሽ የሚሸጠው ጀነሪክ፣ ማለትም የዋናው መድኃኒት ቅጂ፣ ሲመዘገብ ከዋናው እኩል ወደ ደም መግባቱን ማሳየት አለበት።

የልጆች ሽሮፕ ላይ በተለይ አደራ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት በተበከለ የሳል ሽሮፕ ሞቱ። በውስጡ የተገኘው ዳይኢትሊን ግላይኮል እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ ከ100 በላይ ሰው የገደለው ያው መርዝ ነው። ያ አደጋ ነበር አሜሪካኖቹ ‹‹መድኃኒት ሳይሸጥ በፊት ደኅንነቱ ይረጋገጥ›› የሚል ሕግ እንዲያወጡ ያደረጋቸው።

ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ። ጽሑፉ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ መሆኑን፣ የምርት ቁጥሩና ቀኑ መነበቡን እዩ። ክኒኑ እስኪያልቅ ማሸጊያውን አትጣሉት፤ ችግር ቢመጣ የሚፈለገው እሱ ነው። የሚያጠራጥር ነገር ካገኛችሁ ወደ ባለሥልጣኑ ነፃ መስመር 8482 ደውሉ።