የለመደ ደንበኛ ሳይርቅ የእሽግን መልክ ማደስ

የለመደ ደንበኛ እሽግ አያነብም፤ ቀለሙንና ቅርጹን አይቶ አንስቶ ይሄዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ትሮፒካና ከጭማቂ ካርቶኑ ላይ ስትሮ የተሰካበትን ብርቱካን አንስቶ በብርጭቆ ጭማቂ ተካው፤ ስሙንም በአግድም ሳይሆን በቁመት ጻፈው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሽያጩ 20 በመቶ ያህል ወርዶ የድሮው መልክ ተመለሰ። ጭማቂው ያው ነበር።

ስለዚህ ቡናም ሽሮም ብትሸጡ፣ ዲዛይነር ከመቅጠራችሁ በፊት የማይነካውን ለዩ። ለ30 ያህል ቋሚ ደንበኞች ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ሰጥታችሁ፣ እሽጉን ሳያዩ በ2 ደቂቃ እንዲስሉት ጠይቁ። ከግማሽ በላይ የሳሉት፣ ጀበናውም ይሁን ቀዩ መደብ፣ ባለበት ይቆያል። ማንም ያልሳለው ጥላ፣ ወርቃማ ጠርዝና ትርፍ ጽሑፍ ይውጣ። ባለቤቱን የሰለቸው ነገር ብዙ ጊዜ ደንበኛው የሳለው ሆኖ ይገኛል፤ ባለቤት በየቀኑ ስለሚያየው ቀድሞ ይሰለቻል።

ፊደል ላይ ጠንቀቅ በሉ። በላቲን የለመደ ዲዛይነር መስመሩን ሲያቀጥን፣ የሸ እና የቸ አናት በትንሽ ህትመት ይጠፋና ሽሮው «ስሮ» ይሆናል። በጣም ሲወፍር ደግሞ ቀለሙ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ስሙን በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት አትማችሁ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንብቡት። በቴሌግራም ክብ ምስል ውስጥም ሞክሩት።

ቀለምን «ቀይ» ብላችሁ አትዘዙ፤ የፓንቶን ቁጥር (አታሚዎች አንድን ቀለም በትክክል የሚለዩበት መለያ) ስጡ፣ ናሙናውንም በኮምፒውተር ስክሪን ሳይሆን በሚታተምበት ላስቲክ ወይም ወረቀት ላይ እዩ። ቡናማ ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ ቀዩ ይጠቁራል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ከስሩ ነጭ ካልተቀባ ቀለሙ ይሳሳል። ባርኮዱ ጥቁር በነጭ ይሁን። የብዙ ማንበቢያዎች ብርሃን ቀይ ስለሆነ ቀይ መስመር አይታያቸውም። ስፋቱም ከ30 ሚሊ ሜትር አይነስ።

ከዚያ አዲሱን ከተፎካካሪዎች ጋር መደርደሪያ ላይ ደርድሩ። በ3 ሜትር ርቀት የቆመ ሰው በ5 ሰከንድ ውስጥ ካላገኘው ወደ ዲዛይኑ ተመለሱ። «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ ይሉኝታ ስላለ ሁሉም «ያምራል» ይላል።

እኛ ዘንድ ትልቁ አደጋ አዲሱ እሽግ ተመሳስሎ የተሠራ መምሰሉ ነው። ባለሱቁ ቀድሞ ይወቅ፤ ደንበኛው የሚጠይቀው እሱን ነው። የድሮውና የአዲሱ ፎቶ ጎን ለጎን ያለበት ወረቀት ስጡት። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት እሽጉ ላይ «አዲስ መልክ፣ ያው ቡና» የሚል ተለጣፊ ይኑር። በዚያው ጊዜ ዋጋም ግራምም አትንኩ፤ መልኩ ከግራሙ ጋር አብሮ ከተቀየረ ሰው የሚያስበው መታለሉን ነው። ንግድ ምልክታችሁ ተመዝግቦ ከሆነ የተሻሻለው በድሮው ምዝገባ ይሸፈን እንደሆነ ሳታትሙ አረጋግጡ።

የመጀመሪያው ህትመት ትንሽ ይሁን። ሽያጩን በየሱቁ ለይታችሁ ተከታተሉ፣ የድሮው መልክ የተቀረጸበትን የህትመት ሲሊንደርም ቢያንስ 6 ወር አትጣሉ።