በታጣፊ ብስክሌት አዲስ አበባን አቋርጠው ሥራ ለሚሄዱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በበርካታ ዋና መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ስለተሠራ፣ ታጣፊ ብስክሌት ገዝተው ከቃሊቲ ፒያሳ ወይም ከአያት ሜክሲኮ ለመመላለስ የሚያስቡ ሰዎች ምክር ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ ጥቂት ሳምንት ከሞከሩ በኋላ ብስክሌቱን በረንዳ ላይ ያቆሙትና «ጎማው ትንሽ ነው፤ ለሩቅ መንገድ አይሆንም» ይላሉ። ጎማውን ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቅሱት።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ብስክሌቱ የሚታጠፍ መሆኑን ረስቶ ሙሉውን መንገድ በፔዳል ለመጨረስ መታገል ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥታ ወደ አቃቂ የምትወርድ ከተማ ናት፤ እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ሲበልጥ፣ የቦሌ አየር ማረፊያ አካባቢ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ዳገት እዚህ ሌላ ቦታ ካለው ዳገት የበለጠ ያደክማል። ስለዚህ ጠዋት ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰውና ማታ ወደ ደቡብ የሚመለስ ሰው በአንድ መንገድ ላይ ቢሆኑም አንድ ዓይነት ጉዞ አይጓዙም። አንድ ወዳጄ ከቃሊቲ ፒያሳ አጠገብ ወዳለው ቢሮው ሲመላለስ፣ በሳሪስና በጎተራ በኩል እስከ መስቀል አደባባይ በደኅና ይመጣና ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣውን ዳገት ካልጨረስኩ ብሎ ይታገል ነበር፤ ቢሮ ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ እስከ ረፋድ ድረስ ሥራ መጀመር ያቅተው ነበር። «አጥፈው፤ ታክሲ ያዝ» ብለው እንደ ሽንፈት ቆጠረብኝ። በመጨረሻ ለገሃር ላይ አጥፎ ታክሲ መያዝ ሲጀምር፣ ማታ ደግሞ መንገዱን ሁሉ በብስክሌት ሲወርድ፣ ጉዞው የሚወደው ነገር ሆነለት። ከ10 እስከ 14 ኪሎ የሚመዝን፣ ታጥፎ በእጅ የሚያዝ ብስክሌት የተገዛው ለዚህ ነው። ዳገቱን ለመኪና፣ ሜዳውንና ቁልቁለቱን ለብስክሌት መተው ለከተማችን የሚስማማ አካሄድ መሆኑን ጀማሪዎች ከመጀመሪያው ቀን ቢያውቁት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ታክሲ ለመሳፈር ሲያስቡ ደግሞ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ማጠፍ አይጀምሩ፤ አስቀድመው አጥፈው፣ ሰንሰለቱን ወደ ውስጥ አዙረው፣ በጨርቅ ሽፋን ይሸፍኑት። የሰንሰለት ቅባት የነካው ነጠላ ታጥቦ አይጠራም። ረዳቱንም ከመግባትዎ በፊት ያነጋግሩ፤ ብስክሌቱ የሰው ቦታ የሚይዝ ከሆነ የሁለት ሰው ሂሳብ መክፈል ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ኮርቻን ዝቅ አድርጎ መንዳት ነው። በታጣፊ ብስክሌት የኮርቻው ዘንግ በታጠፈ ቁጥር ስለሚወርድ፣ የሚቸኩል ሰው በግማሽ ከፍ አድርጎ ይነሣል፤ ሌላው ደግሞ ሁለት እግሩ መሬት እንዲረግጥለት ብሎ ሆን ብሎ ዝቅ ያደርገዋል። በአጭር መንገድ ምንም ላይሰማ ይችላል፤ በረጅም መንገድ ግን ጉልበት ከፊት በኩል መታመም ይጀምራል፣ ሰውየውም ሕመሙን በጎማው ያሳብባል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ከታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት፤ ከዚያ በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲነዱ ጉልበትዎ በትንሹ ይታጠፋል። ልኩን ሲያገኙ ዘንጉ ላይ ናስትሮ ጠምጥመው ምልክት ያድርጉ፤ ብስክሌቱን በዘረጉ ቁጥር እስከ ናስትሮው ማንሣት ብቻ ይሆናል ሥራዎ። ዘንጉ ላይ ከፋብሪካው የተቀረጸውን የመጨረሻ መስመር ግን ፈጽሞ አይለፉ።

ስለ ማርሽ ሳይጠይቁ መግዛትም ብዙዎችን ይጎዳል። ብዙ ባለ 20 ኢንች ታጣፊ ብስክሌቶች ከፊት 52 ጥርስ፣ ከኋላ ደግሞ ትልቁ 28 ጥርስ ያለው ማርሽ ይዘው ይመጣሉ። የጎማው አንድ ዙር 1.5 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በቀላሉ ማርሽ እንኳ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 2.8 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ይህ ለሜዳ ጥሩ ሲሆን ለእኛ ዳገት ከባድ ነው። የፊቱን በ42 ጥርስ ቢያስቀይሩት ወደ 2.25 ሜትር ይወርዳል፤ በሜዳ ላይ ከሚያጡት ፍጥነት ይልቅ በዳገት የሚያገኙት እፎይታ ይበልጣል።

ጎማ ሲገዙ «20 ኢንች» ወይም «16 ኢንች» የሚለውን ብቻ አይመኑ። 20 ኢንች የሚባለው 406 ወይም 451፣ 16 ኢንች የሚባለው ደግሞ 305 ወይም 349 ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ቁጥሮች ጎማው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበትን ክብ ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር ያለውን ርቀት) በሚሊሜትር የሚገልጹና እርስ በርስ የማይተካኩ ናቸው። በልጆች ብስክሌት ላይ የተለመዱት 406 እና 305 ስለሆኑ፣ ለከተማችን 406 የሆነውን እመርጣለሁ። ቫልቩም የመኪና ዓይነት ቢሆን ይሻላል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ጎሚስታ ዘንድ ማስነፋት ይቻላል። ይሁን እንጂ የጎሚስታው መንፊያ ለመኪና የተሠራ ስለሆነ ትንሿን ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ሊያፈነዳት ይችላል። ልጁ ቱቦውን ከመሰካቱ በፊት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ልክ ይንገሩት፣ በትንሽ በትንሹ እንዲለቅም ይለምኑት። ከልኩ በታች በሆነ አየር መንዳት ደግሞ ትንሽ ጎማን ከትልቅ ጎማ ይበልጥ ይጎትተዋል።

ቦርሳን ጀርባ ላይ ተሸክሞ መሄድ ላብ ያበዛል፤ ከፊት በኩል ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚታሰር ቦርሳ ይጠቀሙ።

ትንሽ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ እንደሚገባ መዘንጋትም አደጋ አለው። ትልቅ ጎማ የሚዘለው ስብራት ትንሹን ጎማ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። በተለይ በክረምት ኩሬ የሸፈነው ጉድጓድ፣ እንዲሁም ብረቶቹ በመንገዱ አቅጣጫ የተዘረጉ የፍሳሽ መክደኛዎች ነጂውን በመሪው ላይ አሽቀንጥረው ይጥላሉ። ውኃ የተኛበትን ቦታ ማለፍ ካልተቻለ ወርዶ መግፋት ይሻላል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ እንዳለው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይም ፍሬኑን ያለማቋረጥ መያዝ አይገባም፤ ትንሽ ቸርኬ ቶሎ ይግላል። ገና ከላይ ሳሉ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፣ ከዚያ ሁለቱንም ፍሬኖች እየያዙ እየለቀቁ ይውረዱ። የፍሬን ሸራውን ደግሞ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ይቀይሩት።

ወደ ቢሮ ይዘውት መግባት እየቻሉ ደጅ ላይ በሰንሰለት ማሰርን ምንም ምክንያት አያጸድቀውም።

የመጨረሻው፣ የብስክሌቱን ማጠፊያ ሳይፈትሹ መነሣት ነው። የማጠፊያው መያዣ የተዘጋ ቢመስልም፣ በኮብልስቶን ላይ የሚደርስበት ንዝረት ብሎኑን ቀስ በቀስ ያላላዋል። መሪውን ይዘው፣ የፊቱን ፍሬን ጨብጠው፣ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዙት፤ ከመካከለኛው ማጠፊያ ወይም ከመሪው ሥር ድምፅ ከተሰማ፣ ብሎኑ እስኪጠብቅ ድረስ አይንዱት። ለዚህ የሚሆነው ትንሽ ቁልፍ ከቦርሳዎ አይለይ።