ፓልም በሊኑክስ ላይ፦ ፓኬጁ እምቢ ሲል

የፓልም የኪስ ኮምፒውተር በ1996 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዛሬም አድራሻውን፣ ቀጠሮውንና ማስታወሻውን እዚያ ላይ የሚይዝ ሰው አለ። ለእሱ ሲባል ፓይለት-ሊንክን (ከፓልሙ ጋር ዳታ የሚለዋወጠውን)፣ ጄ-ፓይለትን (አድራሻና ቀጠሮውን በኮምፒውተር የሚያሳየውን) እና ፒአርሲ-ቱልስን (የፓልም ፕሮግራም መሥሪያውን) ዲቢያን ለሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ወይም ለዘመዶቹ ፓኬጅ የምታደርጉ ካላችሁ፣ የሚገጥሟችሁን ችግሮች ከነመፍትሄያቸው ላካፍላችሁ።

ስህተት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ይህ ነገር የማን ነው? የኮምፒውተሩ ነው ወይስ የፓልሙ? ብዙው ጣጣ የሚመጣው የአንዱን ለሌላው ስንሰጥ ነው።

ሆትሲንክ ተጫንኩ፣ ምንም የለም

ሆትሲንክ ፓልሙን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያመሳስለው ቁልፍ ነው። ተጭነነው ግን ፓይለት-ኤክስፈር፣ ማለትም የፓይለት-ሊንክ ፋይል ማመላለሻ ፕሮግራም፣ «ወደቡን መክፈት አልቻልኩም» ይላል። ወይም ዝም ብሎ ይጠብቃል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የዩኤስቢ ፓልም ኬብሉ ስለተሰካ ብቻ ለኮምፒውተሩ አይታይም። የሚታየው የሆትሲንክ ቁልፍ ሲጫን ነው፤ ሲንኩ ሲያልቅ ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ የወደቡን ፋይል አስቀድሞ ፈልጎ ያጣ ሰው ከርነሉ ተበላሽቷል ብሎ አይደምድም። ገና ስላልተጠራ ነው።

ቁልፉ ተጭኖም ካልሠራ፣ ሁለት ወገኖች አንድ መሣሪያ እየተሻሙ ይሆናል። አንደኛው የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ቪዘር ሞጁል ነው፤ ለመሣሪያው ሁለት ተከታታይ ወደቦች ይፈጥርለታል። ሁለተኛው ሊብዩኤስቢ፣ ፕሮግራሞች የዩኤስቢ መሣሪያን የሚያናግሩበት ላይብረሪ ነው፤ ፓይለት-ሊንክ ከ0.12 ጀምሮ በእሱ በኩል በቀጥታ ያወራል። ከርነሉ ቪዘርን ራሱ ስለሚጭነው አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማል፤ ሊብዩኤስቢ በሩ ተይዞ ይጠብቀዋል።

አንዱን ምረጡ። የእኔ ምርጫ ሊብዩኤስቢ ነው። ቪዘር እንዳይጫን የሚከለክለውን ፋይል ከፓኬጁ ጋር አብራችሁ አስገቡ፤ ተጠቃሚው በእጁ እንዲጽፈው አትተዉት። የወደቡ ስም ያኔ «ዩኤስቢ» ብቻ ነው፣ ኮለን ይከተለዋል። ፕሮግራሙን አስቀድሞ አስነስቶ ቁልፉን ኋላ መጫን ይቻላል።

በቪዘር መቀጠል ከፈለጋችሁ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ቁልፉ መጀመሪያ ይጫናል፣ ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ይጠበቃል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ይነሳል። የሚፈለገው ወደብ በአብዛኛው ሁለተኛው ነው፣ ቲቲዋይ-ዩኤስቢ 1 የሚባለው። አንዳንድ ሞዴል ግን የመጀመሪያውን ይፈልጋል። ሌላ የዩኤስቢ ሲሪያል ኬብል ከተሰካ ደግሞ ቁጥሩ ይዛወራል። ስለዚህ በቁጥር ከመተማመን በዩዴቭ (መሣሪያ ሲሰካ ስምና ፈቃድ በሚሰጠው ክፍል) ደንብ ቋሚ ስም መስጠት ይሻላል።

በሩት (በሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሠርቶ በተራ ተጠቃሚ እምቢ ካለ ጉዳዩ የፈቃድ ነው። ለቪዘር ወደቦች ተጠቃሚውን ዳያልአውት ግሩፕ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ለሊብዩኤስቢ ግን የአምራቹን ቁጥር የሚያውቅ የዩዴቭ ደንብ ያስፈልጋል፤ የፓልም 0830 ነው። «በሱዶ (በሩት ሥልጣን) ይሂድ» የሚለውን አቋራጭ እባካችሁ አትምከሩ። የተቀዱት ፋይሎች የሩት ይሆኑና፣ በማግስቱ ጄ-ፓይለት በተጠቃሚው ስም ሲነሳ የራሱ ፎልደር ውስጥ መጻፍ ያቅተዋል።

ኮምፓይለሩ ራሱ ኮምፓይል አልሆን ሲል

ከባዱ ይሄ ነው። ፒአርሲ-ቱልስ በውስጡ ጂሲሲ የሚባለውን ኮምፓይለር የድሮ ቅጂ፣ 2.95.3ን፣ ይዟል፤ ለፓልሙ 68ኪ ፕሮሰሰር ኮድ የሚያወጣው እሱ ነው። የዛሬው ጂሲሲ ያንን የድሮ ኮድ ሲያነብ በየመንገዱ ይቆማል። የሚቆመው ደግሞ በተራ ነው፤ አንዱን ስታልፉ ሌላው ይመጣል።

ገና በኮንፊገር (ከቢልዱ በፊት ማሽኑን በሚፈትሸው እርምጃ) ላይ «ይህን ማሽን አላውቀውም» ካለ፣ በሶርሱ ውስጥ ያለው የማሽን መለያ ስክሪፕት ከ64 ቢት ፒሲ በፊት የተጻፈ ስለሆነ ነው። በአዲስ ቅጂ ይተካ። የዲቢያን መሣሪያዎች ይህን ራሳቸው ያደርጋሉ። ነገር ግን ስክሪፕቱ በሥራው መሃል የሚፈታ ሌላ ታርቦል (የታሸገ የሶርስ ፋይል) ውስጥ ካለ አያገኙትም፣ እናንተ መተካት አለባችሁ።

ቀጥሎ ኦብስታክ የሚባለው ሄደር ላይ የኤል-ቫልዩ (ዋጋ ሊጻፍበት የማይችል ነገር ላይ የመጻፍ) ስህተት ይመጣል። የድሮው ኮድ ታይፑን በካስት በቀየረው ነገር ላይ እዚያው ዋጋ ይጨምርበታል። ጂሲሲ ከ4.0 ጀምሮ ይህን አይፈቅድም። አንድ መስመር ለሁለት መክፈል ነው፣ ትንሽ ፓች ይበቃዋል።

ከዚያ ኮሌክት2 በሚባለው የጂሲሲ ክፍል ላይ፣ ፋይል የሚፈጥረው የኦፕን ጥሪ ሦስተኛ አርጉመንት ጎድሎታል ይባላል። ይህን የሚይዘው ዲቢያን ለደህንነት የሚጨምረው የፎርቲፋይ ምርጫ ነው። ምርጫውን ማጥፋት ይቀላል። ግን ስህተቱ እውነተኛ ስህተት ነው፤ የጎደለውን የፈቃድ ቁጥር ጨምሩለት። የመመሪያው ሰነድ በሜክኢንፎ (ሰነዱን በሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ላይ ከወደቀ ግን ብዙ አትድከሙ፤ ሰነዱን ለጊዜው ዝለሉት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጂሲሲ 14 በ2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ያልተዋወቀ (አስቀድሞ ዲክሌር ያልተደረገ) ፈንክሽን መጥራትን ከማስጠንቀቂያ ወደ ስህተት ከፍ አደረገው። ብዙ ሰው መልሶ ወደ ማስጠንቀቂያ በሚያወርድ ምርጫ ያልፈዋል። በ64 ቢት ማሽን ላይ ይህ አደገኛ ነው። ያልተዋወቀ ፈንክሽን የሚመልሰው ነገር ኢንት (የ32 ቢት ቁጥር) ተደርጎ ይወሰዳል። ፖይንተር (የ64 ቢት የሜሞሪ አድራሻ) ከሆነ ግማሹ ይቆረጣል። ቢልዱ ያልቃል፣ ደስ ይላችኋል፣ ከዚያ ኮምፓይለሩ ገና ሲነሳ በሴግፎልት (በሜሞሪ ስህተት) ይሞታል። ወይ እያንዳንዱን ፈንክሽን አስተዋውቁ፣ ወይ ሙሉውን በ32 ቢት ሥሩት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ይህ ኮድ የተጻፈው ለ32 ቢት ዘመን ነው። ዲቢያን ደግሞ የ32 ቢት ፓኬጅ በ64 ቢት ሲስተም ላይ መጫን ይፈቅዳል።

ኮምፓይለሩ ተነሳ፣ ትንሿ ፕሮግራም ግን ሊንክ አትሆንም

ይህንን ሁለት ቀን ፈልጌዋለሁ። ከቢልድ ፎልደሩ ውስጥ ስሞክረው ይሠራል። ከተጫነው ፓኬጅ ስሞክረው አይሠራም። ልዩነቱ የስትሪፕ እርምጃው ነበር። ፓኬጅ ሲዘጋጅ ዲቢያን ላይብረሪዎችን ሁሉ እየዞረ የዲበግ መረጃቸውን ይገፍፋል፤ ስትሪፕ የሚባለው ይህ ነው። የፓልሙን ላይብረሪዎች ግን የኮምፒውተሩ ስትሪፕ መንካት የለበትም። ወይ ፎርማቱን አላውቀውም ብሎ ይቆማል፣ ወይ ነክቶ ያበላሻቸዋል። ያ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሁለት ቀን የሚያድነው እዚህ ነው። በሩልስ ፋይሉ (የፓኬጁ አሠራር በተጻፈበት) ውስጥ የፓልሙን ፎልደር ከስትሪፕ አግልሉት።

ፓልምኦኤስ ሄደር አልተገኘም

ጥፋቱ የፓኬጁ አይደለም። ኤስዲኬው (ሄደሮቹን የያዘው የፓልም የፕሮግራም መሥሪያ ጥቅል) በራሱ ላይሰንስ የተያዘ ስለሆነ አብሮ አይከፋፈልም። ተጠቃሚው ራሱ አምጥቶ ኦፕት ውስጥ ፓልምዴቭ በሚባለው ፎልደር ስር ያስቀምጠዋል። ከዚያ ፓልምዴቭ-ፕሬፕን ያስነሳል። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ይረሳዋል፤ ሳይነሳ ኮምፓይለሩ ኤስዲኬው የት እንዳለ አያውቅም። ፓኬጁ ሲጫን ይህን በአንድ መስመር ንገሩት። ኮዱ የሚፈልገው ፓይለት የሚባለውን ሄደር ከሆነ ደግሞ ከኤስዲኬ 3.5 በፊት የተጻፈ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስሙም የታይፖቹ ስምም ተቀይሯል።

ኢሙሌተሩም (ፓልሙን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም) እንዲሁ ነው። ያለ ሮም (የፓልሙ ሲስተም ቅጂ) አይነሳም፣ ሮሙም ነፃ አይደለም። ስለዚህ ኢሙሌተሩ ራሱ ነፃ ቢሆንም ቦታው ኮንትሪብ፣ ማለትም ነፃ ያልሆነ ነገር ለሚፈልጉ ነፃ ፓኬጆች የተለየው የዲቢያን ክፍል ነው።

ከአፕግሬድ በኋላ ጄ-ፓይለት አይነሳም

የፓይለት-ሊንክ ላይብረሪ፣ ሊብፒሶክ፣ ከ8 ወደ 9 ሲቀየር የቀረ ነገር አለ። በላይብረሪው የሚጠቀሙትን ፓኬጆች፣ ፕለጊኖቹን ጨምሮ፣ እንደገና ቢልድ አድርጉ። አንዱ ብቻ ቢቀር ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ፕሮግራም ውስጥ ይገናኙና ይጋጫሉ።

ከሙከራ በኋላ ፓልሙ ባዶ ሆነ

የድሮዎቹ ሞዴሎች ዳታውን የሚይዙት ራም ላይ ነው። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ካለቀ ሁሉም ይጠፋል፤ ሙከራ ላይ የገጠመ ክራሽም ሃርድ ሪሴት (ሁሉን የሚያጠፋ ዳግም ማስነሳት) ሊያስገድድ ይችላል። አዲሱን ፓኬጅ ከመሞከራችሁ በፊት፣ በሚሠራው በድሮው ፓይለት-ኤክስፈር አዲስ ፎልደር ውስጥ ሙሉ ባክአፕ ውሰዱ። ከዚያ ፎልደሩን ክፈቱና የአድራሻና የቀጠሮ ፋይሎቹ መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ። ሙከራውን ከዚያ በኋላ ጀምሩ።