ከገንዳ ዘልሎ የወጣ ዓሣ ሞተ ብላችሁ አትቸኩሉ
ሰበታም ሆነ ለገጣፎ፣ በግቢ ገንዳ ወይም በመስታወት ሣጥን የጌጥ ዓሣ የምታሳድጉ ሰዎች፣ ጠዋት አቧራ ለብሶ ወለል ላይ የተጋደመ ዓሣ ብታገኙ፣ ከመጣላችሁ በፊት ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ከሥሩ ያለው መተንፈሻ ቀይና እርጥብ ከሆነ የመትረፍ ዕድል አለው። እጃችሁን አርጥባችሁ አንሡትና ከራሱ ገንዳ በተቀዳ ውኃ ውስጥ፣ የአየር ፓምፑ አረፋ አጠገብ አቆዩት። አየር ላይ እርስ በርስ ተጣብቀው የነበሩት የመተንፈሻው ስስ ክሮች ውኃ ሲያገኙ ይለያያሉና ኦክስጅን መሳብ ይችላል። አቧራውን በጨርቅ መጥረግ ግን፣ መልኩ ቢያስከፋም፣ ከበሽታ የሚከላከልለትን የሚያሙለጨልጭ ልባስ ይገፍፈዋል፤ ውኃው ራሱ ቀስ ብሎ ያጥበዋል። ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውኃ በቀጥታ አትጠቀሙ። ሰውነቱ ደርቆ ከተገተረና ዓይኑ ከጎደጎደ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።